ከቀኝ በኩል

አባዬ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የነዳው የሰው መኪና ነው። ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ይዞ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ። እኔ፣ ፀሎት፣ ስወለድ እሱ ሚሌ ነበር። ወንድሜ አማኑ ሲወለድ ድንበር ላይ ተሰልፎ ተራ ሲጠብቅ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ቤት ሲመጣ ሁለት ቀን ይተኛል፤ በሦስተኛው ቀን ከእኛ ጋር መላመድ ሲጀምር ስልኩ ይጠራል። ስሙ ብሩኬ ነው፤ አስኮ፣ እኛ ሰፈር ግን «የሰርኬ ባል» ነው የሚባለው። እማዬ ሰርኬ አስኮ ገበያ ቅቤና አይብ ስለምትሸጥ እሷን የማያውቅ የለም፤ እሱን ግን ሰው በዓመት ስንት ቀን ነው የሚያየው?

አምሳ አንድ ዓመት ሲሞላው «በቃኝ» ብሎ መጣና ቪታራዋን ገዛ። የገዛት ሳንሱሲ ከሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ላይ ነው። አሮጌ ናት፣ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። ቀለሟ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ትርፍ ጎማዋ ከኋላ በሯ ላይ የተንጠለጠለ፣ የግራ የኋላ መስኮቷ በእጅ ካልታገዘ የማይዘጋ። ግን ከመሬት ከፍ ያለች ናት። ክረምት ሲገባ ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ባለው ጭቃ ላይ ትንንሾቹ መኪኖች ሆዳቸው ተይዞ ሲቆሙ እሷ አልፋ ትሄዳለች። አባዬ ከብዙ መኪና መሀል የመረጣት ለዚህ ነበር።

«አራታችንም እንቀመጥባታለን፣ የእናትሽ ቅቤም ከኋላ ይገባል፣ ክረምትም አያቆማትም። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» አለኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ቅቤ እንዳይነካው የኋላውን ወንበር ላስቲክ አልብሶት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆረጠ። መኪናዋ ቅቤ ቅቤ መሽተት ጀመረች፤ ፀሐይ ላይ ቆማ በሯ ሲከፈት የእማዬ ሱቅ የገባን ይመስለን ነበር። ጠዋት ጠዋት እማዬን ገበያ እናወርዳለን፣ አማኑን ትምህርት ቤት እናደርሳለን፣ ከዚያ እኔን ያደርሰኛል። እሁድ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ተሳልመን ስንመለስ አባዬ ሆን ብሎ መንገዱን ያስረዝመዋል። ቅዳሜ ራሱ ያጥባታል፤ ለማንም አይሰጥም።

ሰፈሩም እንደራሱ መኪና ነበር የሚያያት። ሙሽራ ወስዳለች፣ ምጥ የያዛት ወስዳለች፣ ፍሪጅ ወስዳለች፣ ከቀብር ሰው መልሳለች። ጎረቤታችን ጋሽ ገረሱ የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ ከጫማ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ ሰው። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ጉዲቱ ልጅ የላቸውም። እኔን «ኢንተላ ኮ» ነበር የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው። የዕድር ጉዳይ ሲኖር አጥራችን ጋ ይመጡና እንደ መኪና ክላክስ «ጢጥ! ጢጥ!» ይላሉ። አባዬ ይስቅና ቁልፉን ይዞ ይወጣል። አንድም ቀን እምቢ ሲል አልሰማሁም።

«አምቡላንስ ነው የገዛኸው ወይስ የቤት መኪና?» አለችው እማዬ አንድ ቀን።

«ሰርኬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሲሚንቶና ማዳበሪያ ነው የጫንኩት። እስቲ ደግሞ ሰው ልጫን» አላት።

እንዲህ ሆነን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ኖርን።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሻዩን ነው። እማዬ ብርጭቆውን ከክንዱ አጠገብ ታስቀምጥለታለች፣ እሱ እጁን ሲያንቀሳቅስ ይደፋዋል። አንዴ ሁለቴ ቢሆን ምንም አልነበረም። ከዚያ የቪታራዋ የቀኝ ስፖኪዮ ከግቢያችን በር ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ። አሠራው። በወሩ እዚያው ቦታ ላይ ደገመው። ተሳቢ የሚያህል ነገር ይዞ በጠባብ በር ወደ ኋላ የሚገባ ሰው! ግን ከሩቅ ያለ የመኪና ታርጋ ከእኔ ቀድሞ ያነብ ስለነበር ዓይኑ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

አንድ ቀን ነዳጅ ማደያ ተሰልፈን፣ እኔና እሱ ብቻ ነበርን፣ እስክሪብቶ ፍለጋ የዳሽቦርዱን ኪስ ስከፍት ሁለት ብልቃጥ የዓይን ጠብታ አገኘሁ። ከሥራቸው የታጠፈ የሕክምና ወረቀት አለ።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ወደ እኔ ዞረ። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ ሰው ሲያይ ዓይኑን ብቻ ሳይሆን መላ አንገቱን ነው የሚያዞረው።

«ግላኮማ ይሉታል» አለኝ።

«ይድናል?»

«የሄደው አይመለስም አሉኝ። ጠብታው ያለውን ለማቆየት ነው።»

«ምን ያህሉ ነው የሄደው?»

ከፊታችን ያለችው መኪና ትንሽ ተንቀሳቀሰች፤ እሱም ተከትሏት ቆመ። ከዚያ ሁለት እጆቹን እንደ ቱቦ ጠቅልሎ ዓይኖቹ ላይ አደረጋቸው። «እንዲህ ነው» አለ። «ፊት ለፊቴ ያለው ዝንብም አያመልጠኝም። ዳር ዳሩ ግን የለም። ጨለማ እንኳ አይደለም፣ ፀሎት። በቃ የለም።»

«ታዲያ እንዴት ትነዳለህ?»

«መንገዱን በልቤ ነው የማውቀው። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ከእናንተ ጋር መኖር የጀመርኩት ገና አሁን ነው። ይቺን መኪና ከወሰዱብኝ ቤት ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ ነው?»

አልነገርኩም። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ ትንሽ ልጅ ነበርኩ ማለት አልችልም።

ከማግስቱ ጀምሮ ጋቢና እኔ ሆንኩ። እማዬ ድሮም ጋቢና መቀመጥ ትፈራ ስለነበር ማንም አልጠየቀኝም። እንደተነሳን ቀስ ብዬ መናገር እጀምራለሁ። «ከቀኝ ባጃጅ። ከግራ ሴትዮ፣ ሕፃን አዝላለች። ከቀኝ ምንም የለም፣ ሂድ።» አባዬ አንገቱን ሳይነቀንቅ ይሰማኛል፣ እግሩ ብቻ ፍሬን ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። አማኑ ከኋላ ሆኖ ጨዋታ መሰለውና ተቀላቀለን፤ «ከቀኝ ውሻ! ከግራ ዛፍ! ከቀኝ የኛ ቲቸር!» እማዬ ትስቃለች። አባዬም ይስቃል። እኔ ብቻ አልስቅም ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እኔም እስቅ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሰባት ወር የመሰለ ጊዜ በሕይወቴ የለኝም። ልጅ ሆኜ አባት ማለት ለእኔ ስልክ ነበር፤ «እሺ ጎበዝ፣ እናትሽን ስጫት» የሚል ስልክ። አሁን ግን ከእኔ ውጪ መንቀሳቀስ አይችልም። እማዬንና አማኑን አድርሰን ሁለታችን ብቻ ስንቀር ስለ መንገዱ ያጫውተኛል፤ አፋር በረሃ ውስጥ ጎማ ፈንድቶበት ሁለት ቀን ስለቆመበት ቦታ፣ አንድ ማለዳ የመኪናው ጥላ ሥር ተኝታ ስላገኛት ሚዳቋ። አንዳንድ ቀን ትምህርት ቤቴ በር ላይ ደርሰን ወሬው ሳያልቅ ደወል ይደወላል። «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ማታ እጨርስልሻለሁ» ይለኛል። ምን ያህል ሰው አደጋ ላይ እንደጣልን አላሰብኩም ብል ውሸት ይሆናል። አስቤያለሁ። ግን በሚቀጥለው ሳምንት እነግራታለሁ፣ ከፈተናው በኋላ እነግራታለሁ እያልኩ አሳለፍኩት።

ፈተናውን አለፍኩ። ምደባ ሲወጣ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ። እማዬ እልል አለች፣ ምክንያቱም አርባ ምንጭ የአባዬ አገር ናት፤ ዘመዶቹ ሁሉ ያሉት እዚያ ነው። እኔም ከሁሉ በፊት ለእሱ ለመንገር ሮጥኩ። ግቢ ውስጥ የቪታራዋን ኮፈን ከፍቶ በእጁ እየዳሰሰ ዘይት ይለካ ነበር።

«አይሆንም» አለ። «ሩቅ ነው።»

«ሩቅ?» አለችው እማዬ። «ጅቡቲ ስትመላለስ የኖርክ ሰው ነህ ሩቅ የምትለው? አገርህ እኮ ነው ብሩኬ!»

«እዚሁ ኮሌጅ ትማራለች አልኩ። ጨርሻለሁ።»

ወደ እኔ አላየም። እማዬ ምክንያቱ አልገባትም፤ ለእኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ልጁ አልነበርኩም በዚያ ሰዓት፤ የመኪናው ዕቃ ነበርኩ። ስፖኪዮ ነበርኩ። ያን ሌሊት ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ቅቤ የሚያመጡላትን ሰዎች ለመቀበል ቀድማ በታክሲ ሄዳለች። አማኑ ከኋላ ነው፣ እኔ ጋቢና። ከግቢ ወጣን። አፌን ዘጋሁ።

«ፀሎት» አለ አባዬ። «ዛሬ አትናገሪም?»

«የምትነዳው አንተ ነህ» አልኩት።

ቀስ እያለ ቁልቁለቱን ወረደ፣ አስፋልቱ ላይ ወጣ። መሪውን የያዙት ጣቶቹ ሲነጩ አየሁ። ደስ አለኝ። እንደዚያ ብዬ መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ደስ አለኝ። ፌርማታው ጋ ስንደርስ ጋሽ ገረሱን አየኋቸው። ከቀኝ በኩል ዳቦ በፌስታል ይዘው ሊሻገሩ ቆመዋል። ቀና ብለው አዩን፤ እኔን አዩኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ኮፍያቸውን በሁለት ጣት ነካ አደረጉልኝ።

አባዬ እንዲደነግጥ ፈልጌ ነበር፤ ያ ብቻ ነው። ጋሽ ገረሱ ጠርዙ ላይ ቆመው ያሳልፉናል፣ በስፖኪዮው ጫፍ ታከን ስናልፋቸው ይጮሃሉ፣ አባዬ ክው ይላል፣ ያኔ «አየህ? ያለ እኔ አትችልም። በቃ ተው» እለዋለሁ ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ግን እግራቸውን አነሱ። መንገዱ ውስጥ ገቡ። «ከቀኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ስጮህ ኮፈኑ መትቷቸው ነበር።

ፍጥነታችን ብዙ አልነበረም። ድምፁም ትልቅ አልነበረም። አማኑ «ምንድን ነው?» ሲል ሰማሁት። ዳቦዎቹ አስፋልቱ ላይ ተንከባለሉ።

ወርጄ ሮጥኩ። ጋሽ ገረሱ በጎናቸው ወድቀዋል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ግን ያውቁኛል። ሻርፔን ከራሳቸው ሥር አደረግኩ። ሰው ተሰበሰበ። አባዬ መሪውን እንደያዘ ቀርቷል፤ አንድ የታክሲ ሹፌር በሩን ከፍቶ «ጋሼ፣ ይውረዱ፣ ይውረዱ» ይለዋል፣ እሱ ግን «ማን ነው? ማን ነው?» ብቻ ነው የሚለው። ማን መሆናቸውን እንኳ አላየም ነበር።

ትራፊክ ፖሊሱ ወዲያው ደረሰ፤ ሙሐዲን የሚባል፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ሳጅን ነው። ጋሽ ገረሱ መሬት ላይ እንደተኙ እጃቸውን አነሱለት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉት። «እኔ ነኝ ሳላይ የገባሁት። ሰውዬውን እንዳትነካው፣ ጎረቤቴ ነው።»

ሳጅኑ ወደ እኔ ዞረ። «ጋቢና ነበርሽ አይደል? አይተሻል?»

«ድንገት ገቡ» አልኩ።

ጋሽ ገረሱ አዩኝ። የታክሲው ሹፌርና ሌሎች ሰዎች ተጋግዘው የቪታራዋ የኋላ ወንበር ላይ አስተኟቸው፤ አማኑ ደብተሩን አቅፎ አስፋልት ዳር እያለቀሰ ቀረ፣ አንዲት ሴትዮ እጁን ይዛዋለች። ሹፌሩ መሪውን ይዞ ሆስፒታል ወሰዳቸው። ዳሌያቸው ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

አባዬ ስምንት ቀን ከአልጋ አልወረደም። እማዬ ድንጋጤ መሰላት፤ አጥሚት እየሠራች ታጎርሰው ነበር። ሰፈሩም መጥቶ አጽናናው፤ «ገረሱ ራሱ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሏል፣ ምን አጨናነቀህ?» ይሉታል። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ተነስቶ ታጠበ፣ የእሁድ ኮቱን ለበሰ፣ ጠራኝ።

«ትራፊክ ፖሊስ ጋ ውሰጂኝ» አለኝ። «በእግር።»

እጁን ይዤ ወጣሁ። ከሰፈር ሳንወጣ ቆምኩ።

«አባዬ፣ አይቻቸው ነበር።»

እሱም ቆመ።

«ከሩቅ ነው ያየኋቸው። ሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንድትደነግጥ ብዬ ነው።»

ባጃጆች ያልፋሉ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ፈልጎ፣ ትከሻዬን አገኘና ያዘው።

«መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። «ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ኃጢአቴን ያሸከምኳት እኔ ነኝ። ይሄ ከእኔና ካንቺ አይውጣ።»

«ሌላ ምስጢር አልፈልግም» አልኩት እያለቀስኩ።

«ይሄኛው የመጨረሻው ነው።»

አባዬ መንጃ ፈቃዱን በሳጅን ሙሐዲን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «አላይም» አለው። «ዘጠኝ ወር ይሆናል ካወቅኩ። ሰውዬው የኔን ጥፋት ነው የወሰዱልኝ።» ሳጅኑ መጀመሪያ ያልሰማ መሰለ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጋሽ ገረሱ በተሽከርካሪ ወንበር መጥተው ለአባዬ ለመኑ፤ እስራቱ በገደብ ሆነ፣ መንጃ ፈቃዱ ተሰረዘ።

እቤት ያለው ከፍርድ ቤቱ ይብስ ነበር። እማዬ ስትሰማ አልጮኸችም። ቁጭ አለችና «ልጆቼን ጭነህ?» አለችው። «ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ ሳታይ፣ ልጆቼን ጭነህ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም እየሳቅሽ።» ለወራት ከሁለታችንም ጋር ከአስፈላጊው በላይ አላወራችም። ምግብ ታቀርባለች፣ ታነሳለች። አማኑ መሀላችን ተቀምጦ ያለ ወትሮው ዝም ብሎ ይበላ ነበር።

መኪናዋን ልትሸጣት ደላላ አምጥታ ነበር። ደላላው ጎማውን በእግሩ እየመታ ሲዞራት አባዬ በረንዳ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። በዚያው ሳምንት ግን ሐኪሞቹ ጋሽ ገረሱ በየማክሰኞና በየዓርቡ ፊዚዮቴራፒ መምጣት አለባቸው አሉ። በታክሲ እሳቸውን መጫን ስቃይ ነው። እማዬ ደላላውን መለሰችው።

«የሰበረቻቸው ይቺ መኪና ናት» አለች። «እሷው ታመላልሳቸው።»

«ማን ይነዳታል?» አልኳት።

«እኔ።»

አርባ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጋቢና መቀመጥ የምትፈራ ሴት መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ገባች። አንድ ጊዜ ወደቀች፤ ሁለተኛውን አለፈች። ያን ሦስት ወር ያ የታክሲ ሹፌር ነበር በቪታራዋ በነፃ የሚያመላልሳቸው። እማዬ መንዳት ስትጀምር አባዬ ከኋላ ይቀመጥና የሞተሩን ድምፅ እየሰማ «ማርሽ ቀይሪ፣ ታፍናለች» ይላታል። «ዝም በል» ትለዋለች። ዝም ይላል። ከተቀየመችው ወዲህ ያወሩት የመጀመሪያው ወሬ ያ ነበር።

ጋሽ ገረሱን ጋቢና እናስቀምጣቸዋለን፤ እግራቸውን የሚዘረጉት እዚያ ነው። እኔና አባዬ ከኋላ፣ የብረት መደገፊያቸው መሀላችን። እትዬ ጉዲቱ ግን አትገባም። አባዬ እንደማያይ ከሰማች ጀምሮ ደጃችንን አልረገጠችም። ባሏን እስከ መኪናዋ ድረስ ደግፋ ታመጣለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ፌርማታ ሄዳ ሚኒባስ ትሳፈራለች። ሆስፒታል በር ላይ ከእኛ በኋላ ደርሳ ታገኘናለች። ዝናብም ቢሆን፣ ፀሐይም ቢሆን። እማዬ አንድ ቀን መስኮት ዝቅ አድርጋ «እትዬ ጉዲቱ፣ እባክሽ» አለቻት። «አልገባም ብያለሁ ሰርኬ» አለች፣ ሳትቆም።

አርባ ምንጭ አልሄድኩም። አባዬ ለመነኝ፤ «ሂጂ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ሂጂልኝ» እያለ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። እዚሁ ኮሌጅ ገባሁ፣ ማክሰኞና ዓርብ ግን ክፍል አልገባም ነበር።

አንድ ዓርብ እማዬ አባዬን ይዛ ካርድ ልታወጣ ገባች። እትዬ ጉዲቱ ገና አልደረሰችም። እኔና ጋሽ ገረሱ መኪናዋ ውስጥ ብቻችንን ነበርን፣ እሳቸው ጋቢና፣ እኔ ከኋላቸው። ፊታቸውን አለማየቴ ይሆናል ድፍረት የሰጠኝ።

«ጋሽ ገረሱ» አልኩ። «ያን ቀን አይቼዎት ነበር።»

አልዞሩም። ዳሌያቸው አይፈቅድላቸውም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ለአባዬ አልነገርኩትም። መናገር ነበረብኝ፣ ዝም አልኩ።»

«እሱንም ያኔ ነው ያወቅኩት፣ አባትሽ ዓይኑ እንደማያይ ሲናገር።» ኮፍያቸውን ነካ አደረጉ። «እኔ እኮ ኢንተላ ኮ፣ ቆሜ ነበር። መኪና እስኪያልፍ ልጠብቅ ቆሜ ነበር። ከዚያ አንቺን አየሁሽ፣ አንቺም አየሽኝ። ፀሎት አይታኛለች፣ ያቆሙልኛል ብዬ ነው የገባሁት።»

የወንበሩን ጀርባ በግንባሬ ተደግፌ አለቀስኩ። እሳቸው እጃቸውን በወንበሩ ጎን ወደ ኋላ ልከው ጭንቅላቴን ፈልገው ዳበሱኝ፤ ክንዳቸው ተጠማዞ እያመማቸው።

«ለጉዲቱ እንዳትነግሪያት» አሉኝ። «አባትሽን ትጥላው፣ ግድ የለም፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ይችለዋል። አንቺን ከጠላች ግን ሌላ የምትወደው ልጅ የላትም።»

በመስኮቱ ሳይ እትዬ ጉዲቱ ከሚኒባስ ወርዳ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ እኛ ትመጣ ነበር።

ጋሽ ገረሱ በተከታዩ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ ሞቱ። ብዙ ከመተኛት የመጣ የሳንባ ሕመም ነው አሉ ሐኪሞቹ። በመደገፊያው ከአልጋቸው እስከ በራቸው መሄድ ጀምረው ነበር፤ ከዚያ በላይ አልሄዱም። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ተቀበሩ። አባዬ ከመቃብሩ ራቅ ብሎ አማኑን ተደግፎ ቆመ፤ ያኔ ፊት ለፊት ያለውም ነገር እየጠበበ ሄዶበት ነበር፣ አማኑ «አሁን አፈር እያለበሱ ነው» እያለ በጆሮው ይነግረዋል። እማዬ በቪታራዋ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ቀባሪ አደረሰች። እትዬ ጉዲቱ በዕድሩ አውቶብስ ሄደች፣ በዕድሩ አውቶብስ ተመለሰች።

በሠልስቱ ከእናትና አባቴ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ገባን። እማዬ ልታቅፋት ጎንበስ ስትል እትዬ ጉዲቱ ፊቷን መለሰች። አባዬ ደግሞ እጁን ዘርግቶ የት እንዳለች እየፈለገ ነበር፤ አልያዘችውም። እማዬ ክንዱን ይዛ ወደ ኋላው አግዳሚ መራችው። እኔ ልከተላቸው ስል እትዬ ጉዲቱ ቀሚሴን ያዘች።

«አንቺ ነይ» አለችኝ። «እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ።»

ተቀመጥኩ። ራሴን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ጥቁር ልብሷ አዲስ ነበር፣ ጨርቅ ጨርቅ ይሸታል።

«አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለችኝ። «አባትሽ ነው። አንቺማ እስከ መጨረሻው ገረሱን አልተለየሽውም። ሲሞት እንኳ ኢንተላ ኮ የት አለች ሲል ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። ከድንኳኑ ማዶ አባዬ ፊቱን ወደ እኛ ድምፅ አዙሮ፣ ሳያየን፣ ተቀምጧል። እትዬ ጉዲቱ ጭንቅላቴን አጥብቃ ይዛ ትወዛወዛለች፤ ሴቶቹ እያዩን ያለቅሳሉ።

ያ ከሆነ ዓመት ከአራት ወር ሆነ፤ አልነገርኳትም። በየቅዳሜው ሄጄ ቤቷን እጠርግላታለሁ፣ ውሃ እሞላላታለሁ። ምሳ ሳልበላ አትለቀኝም። ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆማ ግንባሬን ልትስመኝ ጎንበስ እስክል ትጠብቃለች። እኔም ጎንበስ እላለሁ።